በቱቦው የሚታየው አረፋ ሁሉ የፍሬን አየር አይደለም

ጥያቄ፦ «መኪናዬ ቶዮታ ያሪስ ናት፤ ፊቷ ዲስክ፣ ኋላዋ ታምቡር። የኋላውን የፍሬን ሸራና ሁለቱንም የኋላ ሲሊንደሮች ቤቴ ውስጥ ራሴ ቀየርኩ። ፔዳል የሚረግጥልኝ ሰው ስለሌለ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ገዝቼ አየሩን ለማውጣት ሞከርኩ። ግማሽ ሊትር የፍሬን ዘይት ጨርሻለሁ፤ በቱቦው የሚያልፈው አረፋ ግን አያልቅም። ፔዳሉ ብዙ ይወርዳል፤ ቶሎ ቶሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ስረግጠው ከፍ ይላል። የፓምፑ ጌጅም ከ18 በላይ አልወጣ አለኝ። የተበላሸው ፓምፑ ነው ወይስ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ? ያለሁት አዲስ አበባ ነው።»

ምላሽ፦

ፓምፑ ጤነኛ ነው ማለት ይቻላል። ያጋጠመዎት አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የማያልቀው አረፋ አብዛኛው ከፍሬኑ ውስጥ አይደለም የሚመጣው፤ ከውጭ፣ በየጎማው ፍሬን ላይ ባለችው፣ ቱቦው በሚሰካባት የአየር ማውጫ ቡሎን ጥርስ በኩል እየገባ ነው። የፔዳሉ መውረድ ደግሞ፣ የኋላ ሸራ አሁን ስለቀየሩ፣ ከአየር ይልቅ ሸራው ከታምቡሩ ርቆ በመቆሙ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ሳይለዩ ዘይት መምጠጡን ከቀጠሉ ሌላም ሊትር ይሄዳል፤ ፔዳሉ ግን እዚያው ይቀራል።

ከጌጁ እንጀምር። በእነዚህ ፓምፖች ላይ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ኢንች ሜርኩሪ ነው፤ ከዜሮ እስከ 30 ይጻፍበታል። ቫኪዩም ከአካባቢው የአየር ግፊት በላይ ሊሆን አይችልም፤ የአየር ግፊት ደግሞ ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 30 ኢንች ገደማ የሆነው ግፊት አዲስ አበባ ላይ፣ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲደርስ፣ ወደ 22 ወይም 23 ኢንች ይወርዳል። ባሕር ዳር 24 ያህል፣ ድሬዳዋ 26 ያህል ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ 25 የሚደርስ ጥሩ ፓምፕ አዲስ አበባ ላይ 18 ወይም 19 ቢል ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ለፍሬን ሥራ ከ15 በላይ አያስፈልግዎትም፤ ለኋላ ታምቡር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል፤ አረፋን አጋኖ ያሳያል። አዲስ አበባ ላይ ጌጁ 15 ሲያሳይ በቱቦው ውስጥ የቀረው ግፊት 7 ወይም 8 ኢንች ብቻ ነው፤ ማለትም ከአካባቢው አንድ ሦስተኛ። አንዲት የአየር ጠብታ በዚያ ግፊት ሦስት እጥፍ ታብጣለች። በባሕር ጠለል ያለ ሰው በዚያው ጌጅ የሚያያት ሁለት እጥፍ ብቻ ሆና ነው። በተጨማሪ በዘይቱ ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር በቫኪዩም ኃይል ይለቀቅና ደቃቅ አረፋ ይሆናል። ያ አየር ሟሙቶ እያለ ፔዳልዎን አያለሰልስም። በጠርሙሱ ውስጥ የሚታየው አረፋ የፍሬንዎ መለኪያ እንዳይሆን የሚያደርገው አንዱ ይህ ነው።

ዋናው ግን የቡሎኗ ጥርስ ነው። የአየር ማውጫዋ ቡሎን ጫፏ ሾጣጣ ነው፤ ሲጠብቅ ሾጣጣው መቀመጫው ላይ ይገጥምና ዘይቱን ይዘጋል። የሚዘጋው እሱ እንጂ ጥርሱ አይደለም። ከሾጣጣው ትንሽ ከፍ ብሎ በጎን የተበሳ ቀዳዳ አለ፤ ዘይቱ በዚያ ገብቶ በቡሎኗ መሐል ወደ ቱቦው ይወጣል። ቡሎኗ ሩብ ዙር ስትከፈት ያ ቀዳዳ ከሁለት ወገን ይገናኛል፦ በታች ከዘይቱ፣ በላይ ደግሞ በላላው ጥርስ በኩል ከውጭው አየር። በፔዳል ሲሠራ ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ በጥርሱ በኩል ጥቂት ዘይት ያልባል እንጂ አየር አይገባም። በፓምፕ ሲሳብ ግን ጎኑ የተሰነጠቀ ስትሮ እንደመምጠጥ ነው፤ ከዘይቱ ጋር የውጭ አየርም ይመጣል። ይህ አየር ወደ ፍሬኑ አይገባም፤ በቀጥታ ወደ ጠርሙሱ ነው የሚሄደው። ጉዳቱ እውነተኛውን አየር እንዳያዩ መሸፈኑና ቫኪዩሙን መብላቱ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ዘይት የማያባክን ቀላል ፈተና አለ። መጀመሪያ ወደ ቡሎኗ የሚሄደውን የቱቦ ጫፍ በጣትዎ ይድፈኑና 15 ድረስ ይጭመቁ። መርፌው አንድ ደቂቃ ያህል ሳይወርድ ከቆየ ፓምፑ፣ ጠርሙሱና ክዳኑ ደህና ናቸው። ከወረደ ችግሩ እዚያው ነው፤ ብዙ ጊዜ የጠርሙሱ ክዳን ጎማ ወይም የቱቦ መገጣጠሚያ ይሆናል። ቀጥሎ ቱቦውን በተዘጋችው ቡሎን ላይ ይሰኩና እንደገና 15 ያድርጉ። ቡሎኗን አይክፈቱ። ዘይቱ በሾጣጣው ስለተዘጋ ከፍሬኑ ምንም ሊመጣ አይችልም፤ የጎን ቀዳዳው ግን አሁንም ከጥርሱ ጋር ይገናኛል። መርፌው ከወረደ አየሩ የሚገባው በጥርሱ ወይም ቱቦው በተሰካበት አፍ ነው። ቱቦውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርገው ይድገሙት፤ አሁንም ከወረደ ጥርሱ ነው። ቡሎን ተዘግታ እያለ አየር የምታስገባ ከሆነ፣ ተከፍታ የሚያዩት አረፋ ከየት እንደሚመጣ ተለየ ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ቀላሉ ቡሎኗ ወደ ሲሊንደሩ በምትገባበት ዙሪያ ወፈር ያለ የሲሊኮን ግሪስ መቀባት ነው። የተለመደውን የቦኮላ ግሪስ አይጠቀሙ፤ የማዕድን ዘይት የፍሬን ጎሚኒ ያሳብጣል። ሁለተኛውና የተሻለው የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ቴፍሎን ነው። የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ይዝጉ፣ ከሥር ጨርቅ ያንጥፉ፣ ቡሎኗን ሙሉ በሙሉ ያውጡና በጥርሷ ላይ ሁለት ዙር ብቻ ይጠምጥሙ፣ ቶሎ ይመልሱ። ቴፍሎኑ ሾጣጣውንና የጎን ቀዳዳውን እንዳይነካ፤ ከቀዳዳው በላይ ካለው ጥርስ ይጀምሩ። የተበጣጠሰ ቁራጭ ወደ ውስጥ ቢገባ ቀዳዳ ይደፍናል። ቡሎኗ በእጅዎ እያለች መሐሏን በቀጭን ሽቦ ይፈትሹ፤ ዝገት የዘጋት ቡሎን ብዙ ሰው ፓምፑን እንዲጠረጥር ታደርጋለች። ይህን ያደረጉበት ጎማ ላይ አየር ስለሚገባ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ያድርጉት እንጂ ከጨረሱ በኋላ አይሁን።

አረፋዎቹን በዓይን መለየትም ይቻላል። ከጥርስ የሚገባው አየር ቡሎኗ ክፍት እስከሆነች ድረስ የማይቋረጥ፣ እኩል እኩል የሆነ ደቃቅ አረፋ ነው፤ ቡሎኗን ጠበቅ ሲያደርጉ ይቀንሳል፣ ላላ ሲያደርጉ ይበዛል። ከፍሬኑ የሚወጣው ግን በመሐል በመሐል ይመጣል፤ ትላልቅ፣ አንዳንዴም ቱቦውን ሞልቶ ዘይቱን ለሁለት የሚከፍል አየር ነው፤ ከወጣ በኋላ ይቆማል።

አሁን ወደ ሥራው። መሬቱ ደልዳላ ይሁን፤ መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ገብታ፣ የማይነሱት ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመሥሪያ አይደለም፤ ከተነሳች በኋላ በብረት ማቆሚያ ላይ ትረፍ። ታምቡሮቹ ሁለቱም ገብተው መሆኑን ሳያዩ ፔዳል አይንኩ፤ ታምቡር ሳይኖር ከተረገጠ የሲሊንደሩ ፒስተን ተስፈንጥሮ ይወጣል። ዓይንዎን የሚከልል መነጽር ያድርጉ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻውን አይበቃም።

ለማውጫዋ ቡሎን በአብዛኞቹ ቶዮታዎች 8 ወይም 10 ቁልፍ ይገባል። ዙሪያዋን የሚይዝ ቀለበት ቁልፍ ይጠቀሙ፤ አፉ ክፍት የሆነው ስድስቱን ጎን ያሟልጠዋል። የዛገች ከሆነች ከአንድ ቀን በፊት የዝገት መፍቻ ዘይት ይርጩባት፤ ስትፈታ አንዴ በኃይል ከመጎተት ይልቅ ትንሽ ወዲያ ትንሽ ወዲህ ያድርጓት። ውስጡ ክፍት ስለሆነ በቀላሉ ትቀነጠሳለች። መጨረሻ ላይ የምትጠበቀውም በ8 እና በ11 ኒውተን ሜትር መካከል ነው፤ በአጭር ቁልፍ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ ማለት ነው።

ቁልፉን መጀመሪያ፣ ቱቦውን በላዩ ያስገቡ። ከቡሎኗ የሚመጣው ቱቦ ወደ ጠርሙሱ ሥር ድረስ ይግባ፤ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ከክዳኑ በታች ብቻ ይቅር። ሁለቱ ከተቀያየሩ ዘይት ወደ ፓምፑ ይገባና የውስጥ ጎማውን ያበላሻል። ጠርሙሱ ከግማሽ ሳያልፍ ይድፉት።

ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውን አሮጌ ዘይት በትልቅ ሲሪንጅ ይምጠጡ፤ ነገር ግን ወደ ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ወደሚገፋው ዋናው የፍሬን ሲሊንደር) የሚወርዱት ቀዳዳዎች አየር እንዳያገኙ ከሥር ጥቂት ይተዉ። በአዲስ ዘይት ይሙሉት። ክዳኑን ሳይጠብቅ ከላይ ብቻ ያስቀምጡ፤ ፓምፑ ዘይቱን የሚያንቀሳቅሰው በማጠራቀሚያው ላይ የሚያርፈው የአየር ግፊት እየገፋለት ስለሆነ ጥብቅ ክዳን ሥራውን ይገታል። ከዚህ በኋላ ትልቁ ጥንቃቄ ይህ ዕቃ እንዳይደርቅ ነው። ፓምፕ ከፔዳል ይልቅ ቶሎ ይስባል፤ ዓይንዎ ጎማው ላይ እያለ ማጠራቀሚያው ባዶ ይሆንና አየር ከላይ ይገባል። ያኔ ሥራው ከማስተር ሲሊንደሩ እንደገና ይጀመራል፤ ኤ.ቢ.ኤስ. (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ካላት ደግሞ አየሩ ወደ ኤ.ቢ.ኤስ. ክፍሉ ሊዘልቅ ይችላል። በየ50 ሚሊ ሊትሩ ይነሱና ይዩት።

ቅደም ተከተሉ፣ መሪው በግራ ለሆነ መኪና፣ ከማስተር ሲሊንደሩ ከራቀው ነው፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። የፊት ጎማ የሚነዳቸው ብዙ መኪኖች ፍሬናቸው በሰያፍ የተከፈለ (አንዱ የፊት ጎማ ከተቃራኒው ጎን የኋላ ጎማ ጋር የተጣመረ) ስለሆነ አንዳንድ ፋብሪካ የኋላ ቀኝን ከፊት ግራ ያስከትላል። የመኪናዎ መጽሐፍ የራሱ ቅደም ተከተል ካለው እሱን ይከተሉ፤ ከሌለው ከላይ ያለው በቂ ነው።

በየጎማው ቡሎኗ ተዘግታ እያለ ፓምፑን ወደሚፈለገው ቁጥር ያድርሱ፤ ከዚያ ቡሎኗን ሩብ ዙር ይክፈቱ፤ ከግማሽ ዙር አያስበልጡ። ዘይቱ ሲመጣ መርፌው ይወርዳል፤ እየጨመቁ ያቆዩት። ወደ 5 ከመውረዱ በፊት ቡሎኗን ይዝጉ፣ እንደገና ይጭመቁ፣ እንደገና ይክፈቱ። ቫኪዩሙ ሳያልቅ መዝጋት ልማድ ይሁን። ከሩቁ ጎማ 150 ሚሊ ሊትር፣ ከቅርቡ 100 ያህል ሲወጣ አሮጌው ዘይት አልቆ ቀለሙ እንደ አዲሱ ይጠራል። እዚያ ሲደርስ፣ ትልልቁ አረፋ ከቆመ ደቃቁ ቢቀርም፣ ወደሚቀጥለው ጎማ ይሂዱ። ደቃቁን ለማጥፋት አይሞክሩ።

የኋላ ሲሊንደሮችዎ አዲስ ስለሆኑ ባዶ ነበሩ፤ ለእነሱ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች ከንፈራቸው ወደ ውስጥ የዞረ ነው፤ ከውስጥ ግፊት ሲመጣ ከንፈሩ ይከፈትና ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። የተሠሩት ለዚያ ነው። ከውስጥ ቫኪዩም ሲሆን ግን ከንፈሩ ከግድግዳው ሊላቀቅና ከአቧራ መከላከያው በኩል አየር ሊያስገባ ይችላል። ይህኛው አየር ከጥርስ እንደሚገባው አይደለም፤ በእውነት ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚገባው። ብዙ ሲሊንደሮች ከንፈሩን የሚደግፍ ስፕሪንግ በመሐል አላቸው፤ ቢሆንም ለኋላ ታምቡር ከ8 እስከ 10 ኢንች አይለፉ። ከዚያ የሚሻለው መጀመሪያ ያለ ፓምፕ በስበት ማስሞላት ነው። ቱቦውን ሰክተው ጫፉን ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ያስጠልቁ፤ ቡሎኗን ግማሽ ዙር ከፍተው ማጠራቀሚያውን እየሞሉ ይጠብቁ። ዘይቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ነገር ግን ባዶ ሲሊንደርን ያለ አረፋ የሚሞላ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ፓምፑን ከዚያ በኋላ ለስለስ አድርገው ያምጡት።

አሁን ወደ ፔዳሉ። ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ከፍ ይላል ብለዋል። ይህ በአየርም ሆነ በሸራ ክፍተት ይከሰታል፤ የሚለያቸው ጫፉ ላይ ያለው ስሜት ነው። አየር ካለ ፔዳሉ መጨረሻ ላይም እንደ ስፖንጅ ይለጠጣል። ክፍተት ከሆነ ብዙ ይወርድና ከዚያ ድንጋይ ሆኖ ይቆማል።

ክፍተቱ ምን ያህል ፔዳል እንደሚበላ በሒሳብ እንየው። ዲያሜትሩ 17.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የኋላ ሲሊንደር ፒስተን አንድ ሚሊ ሜትር ሲራመድ 0.24 ሚሊ ሊትር ዘይት ይወስዳል። በሁለቱ ኋላ ጎማዎች አራት ፒስተን ስላለ ወደ 1 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የማስተር ሲሊንደሩ ዲያሜትር 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይህን ለመስጠት 3 ሚሊ ሜትር ይገፋል፤ የፔዳሉ ክንድ አራት እጥፍ ያህል ስለሚያባዛው እግርዎ 12 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ሸራው ከሚገባው አንድ ሚሊ ብቻ ቢርቅ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ፔዳል ጠፋ ማለት ነው። ሁለት ሚሊ ቢርቅ ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይጠጋል፤ በፍሬኑ ውስጥ አንዲት የአየር ጠብታ ሳትኖር። አዲስ ሸራ ሲገባ ማስተካከያው ኮከብ ጥርስ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገባና እዚያው ይረሳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው ይሳቡና ፔዳሉን ይርገጡ። ፔዳሉ በግልጽ ከፍ ካለ ችግሩ የኋላ ሸራ ማስተካከያ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሸራውን ወደ ታምቡሩ አስጠግቶ ክፍተቱን ስለዘጋው ነው የተነሳው። ምንም ካልተለወጠ ወደ አየር ይመለሱ።

ሲያስተካክሉ የእጅ ፍሬኑን ገመድ መጀመሪያ ያላሉት። የተወጠረ ገመድ ሸራውን ገፍቶ ስለሚይዝ ኮከቡን ያሳስትዎታል። ታምቡሩ ገብቶ፣ በኋላው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ባለችው ቀዳዳ በስል ካቻቪቴ ኮከቡን ታምቡሩ እስከማይዞር ያዙሩ፤ ከዚያ ጠባቂዋን ምላስ በሌላ ቀጭን ካቻቪቴ ገፋ አድርገው በአብዛኛው ቶዮታ 8 ጥርስ ያህል ይመልሱ። ታምቡሩ በእጅ ሲዞር ሸራው ገረፍ ገረፍ ካደረገው ችግር የለውም፤ ከባድ ከሆነ ግን ይሞቃል። ሁለቱም ጎማ ከተስተካከለ በኋላ ገመዱን ይወጥሩ። ከዚህ ሥራ በፊት የፔዳል ከፍታ ላይ ፍርድ አይስጡ።

ሁሉም ተጠናቆ የመጨረሻው ዳኛ ፔዳል እንጂ ቱቦ አይደለም። ለአሥር ደቂቃ ብቻ ጎረቤት ይለምኑ። ረዳቱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ ይይዛል፣ እርስዎ ቡሎኗን ከፍተው ወዲያው ይዘጋሉ፣ ከዚያ ብቻ ፔዳሉን ይለቃል። በየጎማው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ በዚህ ጊዜ የሚወጣ አረፋ ሁሉ እውነተኛ ነው፤ አንድም ካልወጣ አየር የለም። መኪናዋ የቆየች ከሆነ ከፔዳሉ ሥር ወፈር ያለ እንጨት ያስቀምጡ። በየቀኑ ፔዳል የማይደርስበት የማስተር ሲሊንደር ጫፍ ዝገትና ደለል ስለሚይዝ፣ ጎሚኒው እስከዚያ ሲገፋ ይቀደዳል። ጤነኛ የነበረ ማስተር ሲሊንደር በአየር ማውጣት ማግስት የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ፔዳሉን ሲፈትሹ ሞተር ጠፍቶ አራት አምስት ጊዜ ረግጠው በፍሬን ማጠናከሪያው (ቡስተሩ) ውስጥ የቀረውን ቫኪዩም ይጨርሱ። ከዚያ ጠንከር አድርገው ረግጠው ግማሽ ደቂቃ ይያዙ። ሳይንቀሳቀስ ከቆመ ጥሩ። እየሰመጠ ከሄደና የትም ዘይት ካላፈሰሰ የማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ጎሚኒ እያሳለፈ ነው፤ ያንን ምንም ያህል አየር ማውጣት አያድነውም። እግርዎ ፔዳሉ ላይ እያለ ሞተር ሲነሳ ትንሽ መውረዱ ግን ጤንነት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ አየር ገባ ብሎ ይደነግጣል።

ስለ ዘይቱ። ለያሪስ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ክዳኑ ላይ እንደተጻፈው ነው፤ ሁለቱ ይደባለቃሉ። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ቢያንስ 230 ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም። ነገር ግን ሁለቱም ከአየር እርጥበት ይጠጣሉ፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባባቸው የሚጠበቅባቸው ዝቅተኛ የመፍላት ነጥብ ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና እየወረዱ ፍሬን ሳይለቁ የሚነዱ ሰዎች ዘይታቸው እዚህ ላይ ይደርሳል፤ የፈላ ዘይት እንፋሎት ነው፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ መቀየሩ ለዚህ ነው። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የመሪ ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ ማጠራቀሚያው ውስጥ ከገባ በሲስተሙ ያለው ጎሚኒ ሊያብጥ ይችላል።

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን ይዩ። በሳህን ተቀድቶ የሚሸጥ አይግዙ። አንድ ሊትር ለጠቅላላው ሥራ ይበቃል፤ የተረፈው ተከፍቶ የከረመ ከሆነ ይጣል። ከጠርሙሱ የወጣውን ወደ ማጠራቀሚያው አይመልሱ። አሮጌውን በውሃ ሃይላንድ ቀድተው አያስቀምጡ፤ ቀለሙ ማርና ጠጅ ስለሚመስል ልጅ ይጠጣዋል፣ መርዝም ነው። የዘይቱ የራሱ ዕቃ ውስጥ ይመለስ፣ ይጻፍበት።

ይህ ሁሉ የማይሠራላቸው መኪኖች አሉ። በፕሪየስና በብዙ ሌሎች ሃይብሪዶች፣ አሁን በከተማችን ከበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም በአንዳንዶቹ፣ ፔዳሉ ከፍሬኑ ጋር የሚገናኘው በኮምፒውተር በሚታዘዝ ፓምፕ ነው፤ አየር የሚወጣላቸው በመመርመሪያ መሣሪያ ትእዛዝ ነው፣ ያለዚያ መንካት አደጋ ነው። በተለመደ ኤ.ቢ.ኤስ. ግን የኤ.ቢ.ኤስ. ክፍሉ ራሱ ካልደረቀ ከላይ ያለው ይበቃል። ሃይሉክስን የመሳሰሉ የጭነት መኪኖች ያላቸው ወዳጆችዎም ይህን ካነበቡ፣ ከኋላ አክስሉ በላይ ጭነት እየለካ ፍሬን የሚያከፋፍል ቫልቭ ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዱ የራሱ ማውጫ ቡሎን አለው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ከተሠራ ቫልቩ ባዶ ነኝ ብሎ የኋላውን ያጠባል፤ ስለዚህ ማቆሚያው ከቻሲው ሳይሆን ከአክስሉ ሥር ይሁን።

መኪናዋ ከማቆሚያው ስትወርድ፣ ከመንቀሳቀስዎ በፊት ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ። የመጀመሪያው ሙከራ ሰው በሌለበት ደልዳላ ቦታ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይሁን፤ ወደ አንድ ጎን ከሳበ የኋላዎቹ ሸራዎች እኩል አልተስተካከሉም። የጎማ ብሎኖችን ደግመው ያጥብቁ። በማግስቱ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ የማጠራቀሚያውን ደረጃ ይዩ፤ የአራቱንም ቡሎኖች ዙሪያና የኋላ ጎማዎቹን የውስጥ ጎን በነጭ ወረቀት ይንኩ። ወረቀቱ ላይ እርጥበት ከወጣ ዘይት እያለባት ያለችው ቡሎን አልጠበቀችም ወይም የሲሊንደሩ ጎሚኒ ሲገባ ተጣሟል፤ ያ ሳይስተካከል መኪናዋ ከግቢ አትውጣ።